በዝቅተኛ ማርክ የተመረቀው ሊቅ፥ ስቫንቴ አሬኒየስ

በኬሚስትሪ ክፍል ስለ አሲድና ስለ ቤዝ ስንማር አስቀድመን የምናገኘው ስም የስቫንቴ አሬኒየስ ነው። ትርጓሜውን በቃላችን አጥንተን ለፈተና እንጽፈዋለን እንጂ፥ ሰውዬው ማን እንደ ነበረና ሐሳቡን እስኪያስቀበል ድረስ ምን እንደ ደረሰበት የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ስለዚህ ታሪኩን ለጓደኞቼ፥ ለመምህራኖቻችንና ለወላጆቻችን በአጭሩ ላቀርብ ወደድሁ። በታሪኩ ውስጥ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አሬኒየስ በስዊድን አገር በኡፕሳላ ከተማ አጠገብ፥ ቪክ በተባለ ስፍራ የካቲት 19 ቀን 1859 ተወለደ። አባቱ መሬት ቀያሽ ነበረ። ልጁ ገና በ3 ዓመቱ ማንም ሳያስተምረው ማንበብ ቻለ፤ አባቱ የሒሳብ መዝገብ ሲጽፍ አጠገቡ ሆኖ እያየም የቍጥር ፍቅር አደረበት። በ1876 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ፈጽሞ ኡፕሳላ ዩኒቨርስቲ ገባ። ነገር ግን በዚያ የሚሰጠው የፊዚክስ ትምህርት ስላላረካው በ1881 ወደ ስቶክሆልም ሄዶ በፕሮፌሰር ኤድሉንድ ሥር መመራመር ጀመረ።

የተያዘበት ጥያቄ ይህ ነበር። ንጹሕ ውሃ ኤሌክትሪክን በጣም ጥቂት ያስተላልፋል፤ ደረቅ ጨውም አያስተላልፍም፤ ታዲያ ጨው በውሃ ሲሟሟ ኤሌክትሪክ በደኅና የሚያልፍበት ስለ ምንድን ነው? በዚያን ዘመን ብዙዎች ጨውን የሚከፍለው ራሱ ኤሌክትሪኩ ነው ይሉ ነበር። አሬኒየስ ግን ብዙ መፍትሔዎችን እየለካ፥ ከሟሟው ነገር ከፊሉ ኤሌክትሪኩ ከመምጣቱ በፊት ለሥራው ዝግጁ ነው ወደሚል አሳብ ደረሰ።

በ1884 ይህን በ150 ገጽ ጽፎ ለዶክተርነት ማዕርግ ለኡፕሳላ ዩኒቨርስቲ አቀረበ። መርማሪዎቹ አላመኑትም። ለጽሑፉ የሰጡት 4ኛ ደረጃ፥ ከመውደቅ ጥቂት ብቻ ከፍ ያለ ነበር። በእንዲህ ያለ ማርክ የዩኒቨርስቲ አስተማሪነት ተስፋ የለውም። የ25 ዓመቱ ወጣት የ3 ዓመት ድካሙ እንደ ከንቱ ተቈጠረበት።

እርሱ ግን ሥራውን አልጣለም። ጽሑፉን በውጭ አገር ላሉ ሊቃውንት ላከ። በሪጋ ያስተምር የነበረው ኦስትቫልድ ባነበበው ጊዜ እጅግ ተደንቆ በዚያው ዓመት ራሱ ኡፕሳላ ድረስ መጣና በሪጋ ሥራ ሊሰጠው ጠየቀው። አሬኒየስ አባቱ ታሞ ስለ ነበረ ትቶት ሊሄድ አልወደደም፤ ዩኒቨርስቲው ግን የእንግዳውን አክብሮት አይቶ የአስተማሪነት ቦታ ሰጠው። አባቱ በ1885 ዐረፈ። ከዚያ በኋላ አሬኒየስ በሪጋ፥ በቩርዝቡርግ፥ በግራትስና በአምስተርዳም ከታላላቅ ሊቃውንት ጋር ሠራ፤ በ1887ም አሳቡን በግልጽ አሳተመ።

አሳቡም ጨው፥ አሲድና ቤዝ በውሃ ሲሟሙ አዮን ወደሚባሉ፥ ኤሌክትሪክ ወደ ተሸከሙ ቅንጣቶች ይከፈላሉ የሚል ነው። አሲድ የሃይድሮጂን አዮን፥ ቤዝም የሃይድሮክሳይድ አዮን ይሰጣል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ውሃ ይሆናሉ። ይህን ትርጓሜ በ1923 ብሮንስቴድና ላውሪ አስፍተውታል፤ መሠረቱ ግን የእርሱ ነው።

ለእኛ ለቦምቤ ልጆች ይህ የሩቅ ነገር አይደለም። ተቀብሮ የቆየ ቆጮ የሚኮመጥጠው ላክቲክ አሲድ ስለሚፈጠርበት ነው። ይህ ደካማ አሲድ ስለ ሆነ ጥቂቱ ብቻ ይከፈላል፤ የሚከፈለውና ተመልሶ የሚገጥመው በእኩል ፍጥነት ስለ ሆነ ከውጭ ሲታይ ያረፈ ይመስላል። ይህም ኬሚካዊ ሚዛን ይባላል። በወላይታ ብዙ ቦታ ደግሞ ብርቱ ዝናብ ለረጅም ዘመን ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ከቀዩ አፈር ስላጠበው መሬቱ አሲዳማ ሆኗል። ገበሬው ጥቂት ኖራ በትኖ ለውጥ ባያይ ኖራው የማይረባ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ ኖራው በአፈሩ እርጥበት ውስጥ ያለውን የሃይድሮጂን አዮን ሲያጠፋ፥ ሚዛኑን ለመመለስ ከአፈሩ ቅንጣት ላይ ሌላ ይለቀቃል። ስለዚህ አፈሩ አስቀድሞ ተመርምሮ በሄክታር የሚያስፈልገው ብዙ ኩንታል በልክ መጨመር አለበት።

አሬኒየስ በ1895 በስቶክሆልም ፕሮፌሰር ሆነ። በ1896 በአየር ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢጨምር ምድር ምን ያህል እንደምትሞቅ አስልቶ አሳተመ። በ1903ም ያ የተናቀው አሳብ የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አስገኘለት፤ ሽልማቱን ካገኙት ስዊድናውያን የመጀመሪያው እርሱ ነው። ጥቅምት 2 ቀን 1927 በስቶክሆልም ዐርፎ፥ አስቀድሞ ባልተቀበለችው በኡፕሳላ ተቀበረ።

ጓደኞቼ ሆይ፥ በእኛ አቈጣጠር በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከ100 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 3 ያህል ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በየቤታችን የማርክ ነገር ሲነሣ ልብ ይደነግጣል። የአሬኒየስ ታሪክ ለሰነፍ ተማሪ ማመካኛ አይሆንም፤ ማርኩ ዝቅ ባለ ጊዜ በእጁ የ3 ዓመት ልኬት ነበረውና። ነገር ግን በእውነት የደከመ ሰው አንድ ቀን በተሰጠው ቍጥር ሥራውን መጣል እንደማይገባው ያስተምረናል። ወላጆቻችንም የልጃቸውን ወረቀት ሲመለከቱ ይህን ሰው ቢያስቡልን መልካም ነው።