ጄረሚ ቤንታምና ምሉዕ ሕግ

ጄረሚ ቤንታም በ1748 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ተወለደ (ዘመኑን በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን)። አባቱ የሕግ ሰው ስለ ነበረ ልጁ ከእንግሊዝ ታላላቅ ዳኞች አንዱ እንዲሆንለት ይመኝ ነበር። ልጁም ገና በ12 ዓመቱ ኦክስፎርድ ገባ። በዚያ ስመ ጥሩው መምህር ብላክስቶን የእንግሊዝን ሕግ እያመሰገነ ሲያስተምር ሰማና በልቡ ተቃወመው። በ1769 የጥብቅና ፈቃድ ቢያገኝም በሙያው አልገፋበትም። ዳኞች ከጥንት ፍርድ እየለቀሙ የሚያወጡት፣ ሕዝቡም ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ብቻ የሚያውቀው ሕግ ለእርሱ ሕግ አልነበረም። በ1776 ስሙን ሳይገልጥ ብላክስቶንን የሚነቅፍ መጽሐፍ አወጣ።

ዋናው መጽሐፉ በ1780 ቢታተምም እስከ 1789 ድረስ ለአንባቢ አልቀረበም። ያሰናከለው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም፦ አንድ ሕግ ምን ምን ሲይዝ ምሉዕ ይባላል? ስርቆትን የሚከለክለውን ሕግ እንመልከት። ስርቆት የሌላውን ሰው ንብረት መውሰድ ነው። ንብረቱ የማን እንደ ሆነ ለማወቅ ግን ሽያጭን፣ ውርስን፣ ስጦታን፣ ኪራይን ሁሉ መመርመር ያስፈልጋል። እንግዲህ አንዲቱ ቃል የፍትሐ ብሔሩን ሕግ በሙሉ ጐትታ ታመጣለች። የወንጀለኛ መቅጫ ፈተና ብቻውን ለማጥናት የሞከረ ጓደኛ ሁሉ ይህን ችግር ያውቀዋል! ቤንታም በዚህ ጥያቄ ላይ የጻፈው ሥራ እስከ 1945 ድረስ ሳይታተም በወረቀት ክምር ውስጥ ቀረ።

ከዚያም መላውን ሕግ፣ ክፍተት ሳይተውለት፣ ቃሉን ሁሉ ተርጕሞ፣ በአንድነት ለመጻፍ ተነሣ። ኮዲፊኬሽን የሚለውን ቃል የፈጠረው እርሱ ነው፤ ኢንተርናሽናልም የእርሱ ነው። በ1811 ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ለማዲሰን፣ በ1814 ለሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ለአሌክሳንደር ሕግ ልጻፍላችሁ ሲል ጻፈ። ማዲሰን በ1816 በትሕትና እንቢ አሉ። አሌክሳንደር ቀለበት ላኩለት፤ ሳይከፍት መለሰው።

በእኛ አስተያየት ዳኛ ከቶ ምንም እንዳይጨምር መፈለጉ ከልክ ያለፈ ነው። ተራው ሰው ሕጉን በአንድ መጽሐፍ አግኝቶ ያንብብ ማለቱ ግን ትክክል ነበረ። የኛው የ1952 ዓ.ም. (የኢትዮጵያ አቈጣጠር) የፍትሐ ብሔር ሕግ 3367 ቍጥሮች ይዞ ሲወጣ፣ በያዘው ጉዳይ ላይ የነበሩትን የቀድሞ ሕጎችና ልማዶች መሻሩ ከዚሁ ምኞት የራቀ አይደለም።

ቤንታም ምሉዕ ሕጉን ሳይጨርስ በሰኔ 6 ቀን 1832 ሞተ። በኑዛዜው መሠረት ሬሳው ለትምህርት ተቀደደ፤ ዐፅሙም የራሱን ልብስ ለብሶ ዛሬም በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተቀምጧል። ራሱ ግን በማድረቁ ሥራ ስለ ተበላሸ በሰም ራስ ተተክቷል።