ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም

ከጎንደር ከተማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲሄዱ ሰሜን የሚባል የደጋ አገር አለ። በዚያ የሚገኘው የራስ ደጀን ተራራ ከፍታው ከ4,500 ሜትር ይበልጣል። ብርዱ ጽኑ ነው፤ እህሉም ይልቁንም ገብስ ነው። ደጃዝማች ውቤ የዚህ አገር ባላባት ነበሩ። አያታቸው ራስ ገብሬ፥ አባታቸውም ደጃዝማች ኃይለ ማርያም ሰሜንን ገዝተዋል።

በዚያ ዘመን በጎንደር የሚቀመጠው ንጉሥ ስም እንጂ ሥልጣን አልነበረውም። አገሩን የሚገዙት መሳፍንቱ ነበሩ፤ እርስ በርሳቸውም ይዋጉ ነበር። ስለዚህ ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ተባለ። ደጃዝማች ውቤ ከአባታቸው ሞት በኋላ ሰሜንን ያዙ። በ1823 ዓ.ም. የትግሬው ገዥ ደጃዝማች ሰባጋዲስ በደብረ ዓባይ ድል ከተነሡ በኋላ ደግሞ ትግሬን ጨምረው ገዙ። ወደ ምጽዋ የሚወስደው መንገድ በእጃቸው ስለ ሆነ ብዙ ጠመንጃ ሰበሰቡ።

አገሪቱ ያለ ጳጳስ ብዙ ዓመት ቆይታ ስለ ነበረ ወደ ግብፅ መልክተኞች ልከው በ1834 ዓ.ም. አቡነ ሰላማን አስመጡ። ይህ ሥራ ክብራቸውን ከፍ አደረገው። በዚያው ዓመት በደብረ ታቦር ከራስ ዓሊ ጋር ተዋጉ። የራስ ዓሊ ሠራዊት ተፈታ፤ ራስ ዓሊም ሸሹ። የደጃዝማች ውቤ ሰዎች ግን ድሉን ሳያጸኑ ለመብልና ለመጠጥ ተቀመጡ። በዚያ ሰዓት ከራስ ዓሊ ወገን የሆኑት ብሩ አሊጋዝ ሳይታሰቡ ደረሱባቸው፤ ድል ያደረጉትም ጌታ ተማረኩ። ቸልታ ከጠላት ጦር ይልቅ ጎዳቸው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተፈትተው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ደጃዝማች ውቤ በሰሜን በጃናሞራ ምድር ደረስጌ ማርያም የተባለች ያማረች ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ግድግዳዋም በሥዕል አጌጠ። በእርስዋም ዘውድ ጭነው ሊነግሡ አስበው እንደ ነበረ ይነገራል።

በዚያ ጊዜ ግን ከቋራ የተነሡት ካሳ ኃይሉ መሳፍንቱን አንድ በአንድ ድል ያደርጉ ነበር። በ1845 ዓ.ም. በአይሻል ራስ ዓሊን አሸነፉ። ከዚያም ወደ ሰሜን ዘምተው በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. በደረስጌ አጠገብ ከደጃዝማች ውቤ ጋር ገጠሙ፤ ድል አድርገውም ማረኳቸው። ጥቂት ቀንም ሳይቆይ በዚያችው በደረስጌ ማርያም አቡነ ሰላማ ካሳን ቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ብለው አነገሡ። ቤቱን ያሠሩ ውቤ፥ ጳጳሱንም ያስመጡ ውቤ ነበሩ፤ ዘውዱን የጫኑት ግን ካሳ ሆኑ።

ደጃዝማች ውቤ ወደ ቀድሞ ሹመታቸው ሳይመለሱ ሞቱ። ልጃቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ግን የአፄ ቴዎድሮስ ሚስት ሆኑ፤ ልዑል ዓለማየሁንም ወለዱ። ይህም ልጅ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በ1872 ዓ.ም. በዚያው ሞተ።

ልጆች ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ ገና በእጅ ያልገባውን እንደ ገባ መቁጠር ሰውን እንደሚጥል ነው፤ በደብረ ታቦር ድሉ ሳይጸና ግብሩ ቀደመ፤ በደረስጌም ቤቱ ለውቤ ዘውድ ታሰበ፥ ዘውዱ ግን ለሌላ ሆነ። ሁለተኛው፥ ለራሱ ክብር የታሰበ ሥራ እንኳ መልካም ሆኖ ከተሠራ ሌላውን እንደሚጠቅም ነው። የደጃዝማች ውቤ ሹመትና ጠመንጃ አልፏል፤ ደረስጌ ማርያም ግን እስከ ዛሬ በሰሜን ደጋ ቆማ የአገሩ ሰው ይጸልይባታል።