ቀይ ካባ የለበሰው ተዋናይ፤ የጆርጅ ሪቭስ ሕይወትና ሙያ

አንድ ተዋናይ በሙያ ዘመኑ ከሚገጥሙት ፈተናዎች ዋነኛው፣ ዝቅ አድርጎ የተመለከተው ሥራ ስሙን ሁሉ ጠቅልሎ ሲወስድበት ማየት ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ ሪቭስ ይህ ዕጣ ከደረሰባቸው አንዱ ነው። በልጅነታቸው በቴሌቪዥን የተመለከቱት ግን፣ ከሞተ ከስድሳ ዓመታት በኋላም በፍቅር ያነሡታል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከአድናቂዎቹ አንዱ ነው።

ሪቭስ እ.ኤ.አ. በ1914 በአዮዋ ግዛት ዉልስቶክ በምትባል አነስተኛ ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ግን በካሊፎርኒያ፣ በፓሳዴና ነው። በወጣትነቱ ቦክስ ቢሞክርም ልቡን የሳበው መድረክ ስለ ነበር፣ በፓሳዴና ፕሌይሃውስ ቲያትር ቤት ትወናን ተማረ። በአማርኛ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ በተተረጐመው የማርጋሬት ሚቸል ልብ ወለድ ላይ ተመሥርቶ በ1939 በወጣው ፊልም፣ ስካርሌትን ከሚከጅሏት መንትያ ወንድማማቾች አንዱን ሆኖ ተጫወተ። በ1943 በዳይሬክተር ማርክ ሳንድሪች ፊልም ከዕውቋ ክሎዴት ኮልቤር ጋር በመሥራቱ የከዋክብት በር የተከፈተለት መሰለ። ነገር ግን ወደ ጦር ሠራዊት ገባ፤ እምነት የጣለበት ሳንድሪችም በ1945 ሞተ። ከጦርነቱ በኋላ ሁነኛ ሥራ ማግኘት አዳጋች ሆነበት።

የሱፐርማን ሚና የቀረበለት በ1951 ነበር። በዚያን ጊዜ የፊልም ተዋንያን ቴሌቪዥንን በንቀት ይመለከቱት ስለ ነበር፣ ሪቭስም ሚናውን የተቀበለው እያመነታ ነው። ከ1952 እስከ 1958 የተላለፈው ይህ ተከታታይ ፊልም 104 ክፍሎች ሲኖሩት፣ ግማሹ በጥቁርና ነጭ፣ ግማሹ በቀለም የተቀረጸ ነበር። ቀረጻው ጥድፊያ የበዛበት ነው። በረራውን ለማሳየት ሪቭስ አንዳንዴ በሽቦ ይንጠለጠላል፤ አንዳንዴም ከማስፈንጠሪያ ሰሌዳ ላይ ተወርውሮ ከካሜራው እይታ ይሰወራል።

የሙያ ብልሃቱ ጐልቶ የታየው ግን በበረራው አይደለም። ሱፐርማን ማንነቱን የሚሰውርበትን ጋዜጠኛ ክላርክ ኬንትን እንደ ፈሪና ዝርክርክ ሰው አድርጎ ማቅረብ ቀላል ነበር። ሪቭስ ግን ቆራጥ፣ አስተዋይና ጨዋታ ዐዋቂ ሰው አደረገው። አልፎ አልፎም ወደ ተመልካቹ ዐይኑን ጥቅስ በማድረግ ልጆቹን የምሥጢሩ ተካፋይ ያደርጋቸው ነበር። አመኔታቸውንም አክብሮ፣ በእነርሱ ፊት ሲጋራ ከማጨስ ይቆጠብ እንደ ነበር ይነገራል። በ1954 ተማሪዎችን ለቁጠባ ለማበረታታት የአሜሪካ ግምጃ ቤት ባሠራው አጭር ፊልም ላይም ተሳትፏል።

ይህ ሁሉ ዝና ግን ሌላ በር አልከፈተለትም። የመጨረሻዎቹን ሦስት ክፍሎች ራሱ በዳይሬክተርነት ቢመራም፣ ሰዎች ካባውን እንጂ ተዋናዩን አላዩለትም። ሰኔ 16 ቀን 1959 በ45 ዓመቱ በመኖሪያ ቤቱ በጥይት ተመትቶ ሞተ። የምርመራው ውሳኔ ራሱን አጠፋ የሚል ነበር፤ ክርክሩ ግን አልበረደም። በ2006 የወጣ አንድ ፊልምም ይህንኑ ጉዳይ እንደ ገና አንሥቷል።

አሟሟቱ ሥራውን እንዲጋርደው መፍቀድ ግን ተገቢ አይመስለንም። ሪቭስ ያልተመኘውን ሚና ተቀብሎ፣ ተመልካቾቹ ሕፃናት ናቸው ብሎ ሳይለግም ሠራ። የሙያ ባልደረቦቻችን በአነስተኛ ክፍያና በጠበበ ጊዜ ለልጆች የሚዘጋጅ ሥራ ሲሰጣቸው፣ ይህን ሰው ሊያስታውሱት ይገባል። አድናቂዎቹ ካደጉ በኋላ ሽቦውንም ሰሌዳውንም ዐውቀዋል፤ ለእርሱ ያላቸው አክብሮት ግን አልጐደለም።