ሃርቬይ ሳክስ፤ የጭውውትን ሥርዓት የመረመረ ሊቅ

ሰው ከሰው ጋር ሲጨዋወት እንዳመጣለት ይናገራል እንጂ የሚመራበት ሥርዓት የለውም የሚለው አስተያየት ለረጅም ዘመን ጸንቶ የኖረ ነው። ይህን አስተያየት በማስረጃ ካፈረሱት ምሁራን ቀዳሚው አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ሃርቬይ ሳክስ ነበር።

ሳክስ እ.ኤ.አ. በ1935 ተወለደ። በ1955 ከኮሎምቢያ፣ በ1959 ደግሞ በሕግ ትምህርት ከዬል ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። ሆኖም ወደ ኅብረተሰብ ጥናት አዘንብሎ በ1966 በበርክሌይ የዶክትሬት ማዕርግ ተቀበለ።

የሕይወቱን አቅጣጫ የወሰነው ግን በ1963 እና በ1964 በሎስ አንጀለስ ራስን ማጥፋትን ለመከላከል በተቋቋመው ማዕከል ያደረገው ምርምር ነው። በጭንቅ ላይ ያሉ ሰዎች ለእርዳታ ሰጪዎች የደወሉት ስልክ በቴፕ ተቀርጾ ነበር። ሠራተኛው የደዋዩን ስም ማወቅ ይፈልጋል፤ በቀጥታ ቢጠይቅ ግን ደዋዩ ምክንያቱን መልሶ ይጠይቀዋል። ስለዚህ አስቀድሞ የራሱን ስም ይናገራል፤ ደዋዩም ብዙ ጊዜ በአጸፋው ስሙን ይሰጣል። አንድ ደዋይ ግን አልሰማሁም አለ። ሠራተኛው ስሙን ደገመለት፤ ደዋዩም ያንኑ ስም መልሶ ጠራ። በዚህ መካከል የራሱን ስም የሚናገርበት ስፍራ አለፈ። ሳክስ ደዋዩ በእውነት አልሰማም ወይስ ሆን ብሎ ነው በማለት አልፈረደም፤ ንግግሩ በዚያ ስፍራ የፈጸመውን ሥራ ግን ለይቶ አሳየ።

እንደ ሰላምታና አጸፋው፣ ጥያቄና መልሱ ያሉት ንግግሮች ተጓዳኝ ጥንድ ተባሉ። በ1974 ሳክስ ከኢማኑኤል ሼግሎፍና ከጌይል ጄፈርሰን ጋር የንግግር ተራን ደንብ አሳተመ። ደንቡ አጭር ነው፤ ተናጋሪው ተከታዩን ከመረጠ ተራው የተመረጠው ሰው ነው፤ ካልመረጠ ቀድሞ የጀመረ ይይዘዋል፤ ማንም ካልጀመረ የፊተኛው ሊቀጥል ይችላል።

ይህ ደንብ ለሙያችንም ይጠቅማል። በከፍተኛ ምሕዋር ባለ ሳተላይት የሚተላለፍ ድምፅ ሩብ ሴኮንድ ያህል ይዘገያል። ዝምታ የመሰላቸው ሁለቱም ወገኖች ቀድመው ለመጀመር ሲሉ ንግግራቸው ይጋጫል። መስመሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ጭውውቱ ይታወካል።

ሳክስ በኅዳር ወር 1975 በ40 ዓመቱ በመኪና አደጋ ሞተ። በሕይወት ሳለ ያሳተመው ጥቂት ነበር። ለተማሪዎቹ የሰጣቸው ትምህርቶች ግን በቴፕ ተቀርጸው ስለ ነበር ጄፈርሰን ወደ ጽሑፍ መልሳቸው በ1992 በመጽሐፍ ወጡ። የሌሎችን ድምፅ በጥሞና ያዳመጠው ሰው ሥራ ለትውልድ የተላለፈው በተቀረጸ ድምፁ ነው።