ኦድሪ ሄፕበርን፦ ከአርነም እስከ መቀሌ

የአሜሪካ ፊልም በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች በሰፊው ይታይ በነበረበት ዘመን ያደገ ሰው የኦድሪ ሄፕበርን ስም ሲነሣ በቅድሚያ የሚታየው ረጅም አንገቷ፣ ትልልቅ ዓይኖቿና አለባበሷ ነው። ስለ እርሷ ከተጻፈውም የሚበዛው በመልኳና በልብሷ ዙሪያ የሚዞር ነው። ያ የተደነቀው ቅጥነት ግን በከፊል የረኀብ ቅሪት ነበር። ረኀቡም በአብዛኛው መንገድ በመዘጋቱ የመጣ ነበር። በ1980 ዓ.ም. መቀሌ በደረሰች ጊዜ ያየችውን ከብዙ እንግዶች በተሻለ ለመረዳት የቻለችው በዚህ ምክንያት ነው።

ኦድሪ የተወለደችው እ.ኤ.አ. ሜይ 4 ቀን 1929 በብራስልስ ሲሆን፣ እናቷ ኤላ ቫን ሄምስትራ የሆላንድ መኳንንት ልጅ፣ አባቷ ጆሴፍ ረስተን ደግሞ የእንግሊዝ ዜጋ ነበር። ልጅቷ ስድስት ዓመት ሲሆናት አባቷ ቤቱን ጥሎ ሄደ፤ እርሷም እንግሊዝ አገር ትምህርት ቤት ገባች። እ.ኤ.አ. በ1939 ጦርነቱ ሲፈነዳ እናቷ፣ ሆላንድ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ገለልተኛ ሆና እንደ ዳነች ሁሉ በሁለተኛውም ትድናለች በማለት ልጇን ወደ አርነም ከተማ ወሰደቻት። ግምቱ አልሠመረም። በሜይ 1940 የጀርመን ጦር አገሩን ያዘ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የአክስቷ ባል ከሌሎች ታጋቾች ጋር በጥይት ተደብድቦ ሞተ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር የዚህን መጽሔት አንባቢዎች በተለይ የሚመለከት ስለሆነ ጥቂት ማብራራት ይገባል። በሴፕቴምበር 1944 የተባባሪዎቹ መንግሥታት ጦር በአርነም የሚገኘውን የራይን ወንዝ ድልድይ ለመያዝ በጃንጥላ ወታደሮች ሙከራ አድርጎ ሳይሳካለት ቀረ። ለንደን በስደት ላይ የነበረው የሆላንድ መንግሥት ይህን ዘመቻ ለመደገፍ የባቡር ሠራተኞች ሥራ እንዲያቆሙ አዝዞ ነበርና፣ ጀርመኖች በበቀል ወደ ምዕራቡ ክፍለ አገር ምግብ እንዳይጓጓዝ ከለከሉ። ክልከላው በኋላ ቢላላም የዚያ ዓመት ብርድ የከፋ በመሆኑ ጀልባ የሚመላለስባቸው ቦዮች በረዶ ሠሩ። እህል በሰሜንና በምሥራቅ ባሉት የእርሻ አውራጃዎች ነበር፤ የሚያደርሰው ግን አልነበረም። 20 ሺህ ያህል ሰው አለቀ። የኦድሪ ቤተ ሰብ የተጠጋባት ቬልፕ ለጦር ግንባሩ ቅርብ ስለ ነበረች ከመከራው አላመለጠችም። በዚያ ወራት ሕዝቡ የቱሊፕ አበባ ሥር ሳይቀር ቀቅሎ ይበላ ነበር። ኦድሪም ደም አነሳት፣ ዓይኗ ቢጫ ሆነ፣ እግሯ አበጠ። ነጻነት ሲመጣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ለመሆን ጥቂት ቀናት ቀርተዋት ነበር። የእርዳታው ምግብ ከደረሰላቸው ልጆች አንዷ እርሷ ስትሆን፣ ምግቡን ያመጣው የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ድርጅት ሥራውን ሲያበቃ የሕፃናቱን ጉዳይ የወረሰው በ1946 የተቋቋመው ዩኒሴፍ ነው።

ረኀቡ የሙያዋንም አቅጣጫ ለወጠው። ምኞቷ የባሌ ዳንሰኛ መሆን ነበር፤ ለንደን ሄዳም በማሪ ራምበርት ትምህርት ቤት ተማረች። ነገር ግን ቁመቷ ረጅም ከመሆኑ ሌላ በጦርነቱ ዘመን የተጎዳው ሰውነቷ ለዋና ዳንሰኛነት እንደማያበቃት መምህርቷ ስለ ነገረቻት ወደ ቴአትርና ወደ ፊልም ዞረች። እ.ኤ.አ. በ1951 ፈረንሳዊቷ ደራሲ ኮሌት አይታት ጂጂ በሚባለው ቴአትር ኒውዮርክ ላይ ዋናውን ክፍል እንድትሠራ መረጠቻት። በተከታዩ ዓመት በዊልያም ዋይለር አዘጋጅነት ሮማን ሆሊደይ የተባለውን ፊልም ከግሪጎሪ ፔክ ጋር ሮማ ውስጥ ሠራች። ፔክ የጀማሪዋ ስም ከእርሱ ስም ጋር እኩል ከርዕሱ በላይ እንዲጻፍ መጠየቁ የሚያስመሰግነው ነው። እግረ መንገድን ለማስታወስ ያህል፣ ኦድሪ በቬስፓ ሞተር ብስክሌት በሮማ ጎዳናዎች በምትመላለስበት በዚያ በጋ የአክሱም ሐውልት ከዚያው ከተማ፣ ከዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሕንፃ ፊት ለፊት ቆሞ ነበር፤ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው።

በዚህ ፊልም የ1953 ዓመት የምርጥ ተዋናይት የኦስካር ሽልማት አገኘች። ቀጥሎ የመጣው ዝና የታወቀ ስለሆነ ማስረዘም አያስፈልግም። ሳብሪና፣ ጦርነትና ሰላም፣ ብሬክፋስት አት ቲፋኒስ፣ ሻሬድ፣ ማይ ፌር ሌዲ በየተራ ወጡ። በመጨረሻው ፊልም ላይ የሚሰማው ዘፈን በአብዛኛው የማርኒ ኒክሰን ድምፅ መሆኑ ብዙ አነጋግሯል። ከሁሉ የሚልቀው ሥራዋ ግን በፍሬድ ዚነማን አዘጋጅነት በ1959 የወጣው የመነኩሲቷ ታሪክ ሳይሆን አይቀርም። ከፊሉ በቤልጅግ ኮንጎ የተነሣ ሲሆን፣ ጌጥና ዘመናዊ ልብስ በሌለበት፣ ፊት ብቻ ከቆብ ሥር በሚታይበት በዚህ ሥራ ተዋናይነቷ ጎልቶ ወጥቷል። ከ1967 በኋላ ሁለቱን ወንዶች ልጆቿን ለማሳደግ ከፊልም ሥራ ራቀች፤ ኑሮዋንም በስዊትዘርላንድ ቶሎሸናዝ በምትባል ትንሽ መንደር አደረገች።

በኢትዮጵያ ደግሞ በ1977 ዓ.ም. ዓለምን ያስደነገጠው ረኀብ ገና ከሰው ልብ ሳይወጣ፣ በ1979 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ በትግራይ፣ በኤርትራና በወሎ እንደ ገና ከዳ። ጦርነቱም አልቆመም ነበር። በጥቅምት 1980 ዓ.ም. ከአስመራ ተነሥተው ወደ ደቡብ የእርዳታ ስንዴ ያጓጉዙ የነበሩ 23 ካሚዮኖች መንገድ ላይ ተቃጠሉ። በዚሁ ዓመት አጋማሽ ኦድሪ ሄፕበርን ለዩኒሴፍ የመጀመሪያዋን የመስክ ጉዞ ወደ ኢትዮጵያ አደረገች፤ ዕድሜዋ 58 ነበር። ከጎበኘቻቸው ስፍራዎች አንዱ 500 ሕፃናት የተጠለሉበት የመቀሌ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ሲሆን፣ ምግብ በዩኒሴፍ በኩል እንዲላክለት አድርጋለች። ምግብ ፍለጋ ለቀናት፣ አንዳንዶቹም ለሳምንታት በእግራቸው የተጓዙ እናቶችን ከነልጆቻቸው አየች።

ከተመለሰች በኋላ ለጋዜጠኞች ያስረዳችው ነገር ከተለመደው የእርዳታ ልመና የተለየ ነበር። ሚሊዮኖች ለሞት የተቃረቡት እህል ጠፍቶ እንዳልሆነ፣ በወደብ የተከማቸው በብዙ ቶን የሚቆጠር ምግብ በጦርነቱ ምክንያት ሊከፋፈል አለመቻሉን ደጋግማ ተናገረች። ሕዝቡ የሚፈልገው ራሱን የሚረዳበት መሣሪያ እንደሆነ፣ አካፋውም ለመቃብር ሳይሆን ለውሃ ጉድጓድ መቆፈሪያ ሊውል እንደሚገባ አሳሰበች። ይህን ለመረዳት የምሕንድስና ትምህርት አላስፈለጋትም፤ ቬልፕ ላይ ተምራዋለች።

ነገሩ ለኢትዮጵያዊ መሐንዲስ እንግዳ አይደለም። ዝናብ እንደ ልብ በሚጥልበት በአገው ምድር ደጋ፣ በጥሊሊ ዙሪያ፣ ድንች በብዛት ይመረታል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና በከተማዋ በማለፉም ምርቱ ገበያ ያገኛል። ከጎዳናው ርቆ፣ በክረምት ጭቃ መኪና በማይደርስበት ቀበሌ ያለው ገበሬ ግን ያንኑ ድንች በርካሽ ይሸጣል ወይም ይበሰብስበታል። እዚህ የመንገድ እጦት ኪሳራ ነው፤ በዚያን ጊዜው ትግራይ ግን የሕፃን ሞት ነበር።

ጥቂት ቀን የፈጀ ጉብኝት የአንድን አገር መከራ ያስወግዳል ብሎ የሚያምን የለም። የታዋቂ ሰዎችና የተራቡ ሕፃናት ፎቶግራፍ ኢትዮጵያን በዓለም ፊት በረኀብ ብቻ እንድትታወቅ አድርጓል የሚለው ቅሬታም ከእውነት የራቀ አይደለም። ኦድሪ መቀሌን በጎበኘች በወር ገደማ፣ በመጋቢት 1980 ዓ.ም. መጨረሻ፣ መንግሥት የውጭ አገር የእርዳታ ሠራተኞች ከትግራይና ከኤርትራ እንዲወጡ አዘዘ። መንገዱ ይበልጥ ጠበበ። እርሷ ግን ጉዳዩን በዚያው አልተወችውም። ሠራተኞቹ መባረራቸውንና በሰሜን የሚካሄደውን ጦርነት በቃለ ምልልስ ሁሉ ታነሣ ነበር። በ1989 ለአሜሪካ ምክር ቤት ስለ ረኀብ ምስክርነቷን ሰጠች። በዚያው ዓመት ወደ ሱዳን የሄደችው፣ ተዋጊዎቹ ወገኖች ለእርዳታ እህል መተላለፊያ ለመክፈት በተስማሙበት ጊዜ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የጎደለው ይኸው ስምምነት ነበር።

የመጨረሻ ጉዞዋ በሴፕቴምበር 1992 ወደ ሶማሊያ ሆነ። ባዶ የቀሩ መንደሮችንና በመንገድ ዳር የተደረደሩ መቃብሮችን አየች፤ የሞቃዲሾ ወደብና ከወደቡ የሚወጡት መንገዶች በታጣቂዎች እጅ ስለ ነበሩ እህሉ እንደ ገና ከተራበው ሕዝብ ሳይደርስ ቆሞ ነበር። ሆዷን ያማት የጀመረው በዚሁ ሰሞን ነው። በኖቬምበር መጀመሪያ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ቀዶ ሕክምና ሲደረግላት ካንሰር መሆኑ ታወቀ። የገና በዓልን ከልጆቿ ጋር በቤቷ ለማሳለፍ ወደ ስዊትዘርላንድ ተመለሰች፤ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 1993 በ63 ዓመቷ ዐርፋ በቶሎሸናዝ የመንደሩ መቃብር ተቀበረች። ከሁለት ወር በኋላ የኦስካር ሸላሚዎች ስለ በጎ አድራጎቷ የሰጡትን ሽልማት የበኩር ልጇ ሾን ተቀበለላት።