ሱስንዮስና የዘገየው አዋጅ

ከባህር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው ማክሰኝትን አልፎ አዘዞ ይደርሳል። እኔ በዚህ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር የማስበው አንድ ንጉሥ ነው፤ ዐፄ ሱስንዮስ። ቤተ መንግሥታቸው ደንቀዝ ነበር፤ ፍርስራሹ ዛሬም ማክሰኝት ባለችበት በጎንደር ዙሪያ ወረዳ ይገኛል። የተቀበሩት ደግሞ አዘዞ፣ ገነተ ኢየሱስ ነው።

ሱስንዮስ በልጅነታቸው በኦሮሞ ተዋጊዎች ተማርከው እዚያው አደጉ። ቋንቋውን ቻሉ፣ የውጊያውን ስልት ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1607 ሲነግሡ ከራስ በተለየ ሕዝብ መሀል መኖር ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቁ ነበር።

ታዲያ ምን ሆነ? በነፔድሮ ፓኤዝ፣ በጀስዊቶቹ፣ ትምህርት ተስበው በ1622 ካቶሊክ መሆናቸውን በይፋ አሳወቁ። በ1626 ደንቀዝ ላይ በፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ለሮም ታዛዥነታቸውን ገለጹ። የራሳቸው እምነት ሆኖ ቢቀር አንድ ነገር ነው። እሳቸው ግን የአገር ሕግ አደረጉት። ቅዳሜን ማክበርና ግርዛት ተከለከሉ፤ ካህናት ክህነትን፣ ምዕመናን ጥምቀትን እንደ አዲስ እንዲቀበሉ ታዘዙ።

አገሩ ታመሰ። ላስታ አመፀ። በ1632 በተደረገ አንድ ውጊያ ብቻ ወደ 8000 ሰው እንዳለቀ ይነገራል። ያሸነፉት ንጉሡ ናቸው፤ ሜዳው ላይ የወደቁት ግን የራሳቸው ገበሬዎች ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ አዋጅ አስነገሩ፤ የፈለገ ወደ አባቶቹ እምነት ይመለስ፣ የፈለገ ካቶሊክ ሆኖ ይኑር ተባለ። ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ በዚያው ዓመት አረፉ።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ፋሲለደስ ጀስዊቶቹን አባረሩ፤ ካቶሊክ ሆኖ መቅረት የፈለገውም በተራው ተሳደደ። ነፃነቱ በአንድ ንጉሥ ቃል ላይ የቆመ ነበርና ንጉሡ ሲያልፍ አብሮ አለፈ።

ዛሬ ነገሩ ወረቀት ላይ ሰፍሯል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ይለያል፤ በአንቀጽ 27 የእምነት ነፃነትን ያረጋግጣል። አንቀጽ 34 ደግሞ የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ በር ይከፍታል፤ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ ነው ታዲያ። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 188/1992ም ይህንኑ ፈቃድ ይጠይቃል።

ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በዚህች ፈቃድ በምትባል ቃል ላይ ነው። ሕጉ ለየእምነቱና ለየባህሉ ቦታ ሲሰጥ፣ እያንዳንዱ ሰው እምቢ የማለት መብቱን እንደያዘ ይቆያል ብሎ ነው። እስቲ አስቡት፦ ዘመድ አዝማድ ከቧት፣ ኩርፊያና እርግማን ፈርታ የፍቺ ጉዳይዋ በባህል ዳኝነት እንዲያልቅ እሺ ያለች ሴት ፈቅዳለች እንላለን? በሱስንዮስ ዘመን ዳግም የተጠመቀውም ሕዝብ እኮ እሺ ብሎ ነበር።