ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ

ስለ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ጥቂት ልጽፍላችሁ ወደድሁ። እርሳቸው በጎጃም ደብረ ኤልያስ ተወልደው ቅኔ ከተማሩ በኋላ አዲስ አበባ መጥተው መምህር ሆኑ፤ ግጥም፣ መዝሙርና ቲያትርም ደረሱ። አርመናዊው ኬቮርክ ናልባንድያን ዜማውን ያወጣለት፣ እስከ 1967 ዓ.ም. የተዘመረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ግጥም የእርሳቸው ነው። አያቴ መዝሙሩን ከዳር እስከ ዳር ይወጡታል፤ የደራሲውን ስም ግን ገና አሁን ከእኔ ሰሙ። ይህ እጅግ ያስገርመኛል።

ፋሽስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ሱዳን ለእኛ ለአሶሳ ልጆች ጎረቤት ናት፤ ለባለቅኔ ግን ግጥሙን የሚሰማለት ሕዝብ የሌለበት አገር ሁሉ ሩቅ ይመስለኛል። የዚያን ዘመን መከራ «አፋጀሽኝ» በተባለው ቲያትራቸው አሳይተዋል። ከነፃነት በኋላ ተመልሰው በ1939 ዓ.ም. ዐረፉ። መዝሙራቸው ግን ከዚያ ወዲያ 28 ዓመት በየትምህርት ቤቱ ተዘመረ።